ስለ ብስክሌት ክፍሎች ክብደትና ስለ እፍግታ ሠንጠረዥ የቀረበ ትችት

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ በክፍላችን መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን የመመረቂያ ጽሑፎች ሳገላብጥ ደጋግሞ ያጋጠመኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ በቃል ይለያይ እንጂ በሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም «የብስክሌቱ ቴላዮ ከአረብ ብረት ወደ አሉሚኒየም ቢለወጥ ክብደቱ ከመቶ 65 እጅ ይቀንሳል» የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን የሚለው ስለ ቴላዮ፣ ሌላው ስለ መሪ፣ ሌላው ደግሞ ዕቃ ስለሚጫንበት ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ ያው 65 ነው። አንድ ቁጥር በሥራቸው ፍጹም በማይመሳሰሉ ክፍሎች ላይ ሁሉ እንደ ማኅተም ሲያርፍ ባየሁ ጊዜ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር አስፈላጊ መስሎ ታየኝ።

መምጫው ሩቅ አይደለም። ተማሪው ክፍሉን በኮምፒዩተር ይሥላል፤ ከዚያም የቱቦውን ስፋትና የግድግዳውን ውፍረት እንዳለ ትቶ፣ በዝርዝሩ ውስጥ «አረብ ብረት» የሚለውን ቃል «አሉሚኒየም» በሚለው ይተካዋል። መሣሪያውም አዲሱን ክብደት በዓይን ጥቅሻ ይነግረዋል። የአሉሚኒየም እፍግታ (በአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ክብደት ማለት ነው) 2.7 ግራም ሲሆን፣ የአረብ ብረት 7.85 ግራም ያህል ስለሆነ፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ከመቶ 34 እጅ ይቀራል። እንግዲህ 65 የተባለው ቁጥር የብስክሌት ውጤት ሳይሆን፣ ሥዕል ሳያስፈልግ ከሠንጠረዡ በቀጥታ ሊነበብ የሚችል የሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ነው። ብስክሌቱ ተሣለም አልተሣለም፣ ውጤቱ አይለወጥም ነበር።

ነገሩን በሌሎች ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባኝም። እኔም ይህንኑ አድርጌአለሁ፤ እንዲያውም ከሥዕል አልፌ አሠርቼዋለሁ። በሦስተኛ ዓመት ለተግባር ትምህርት የብስክሌት መሪ (ማኑብሪዮ) እንድናሻሽል በታዘዝን ጊዜ፣ የነበረውን የአረብ ብረት መሪ ለካሁ፤ ዲያሜትሩ 22.2 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነበር። ያንኑ መጠን ሳላፋልስ በር እና መስኮት ከሚሠራበት አሉሚኒየም አስቆረጥሁና አሳጠፍሁት። በሒሳብ 459 ግራም የነበረው ወደ 158 ግራም ወረደ። ማርክም አገኘሁበት። ጓደኛዬ ብስክሌቱ ላይ ገጠመውና ሦስት ወር ያህል ነዳው፤ ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዘ ጊዜ መሪው ከመሃሉ መያዣ አጠገብ ተቀነጠሰ። ልጁ የእጁ አንጓ ተሰበረ። የተሰበረውን መሪ ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ ብሄድ፣ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞር አድርገው አዩትና፣ «ልጄ፣ አረብ ብረት ሲታመም ያቃስታል፤ ይጎብጣል፣ ይንቋቋል፣ ያስታውቅሃል። ይሄ ግን ሳይሰናበትህ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ትምህርት ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው፤ በምን ምክንያት እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ግን ተመልሼ ወደ መጽሐፍ መሄድ ነበረብኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ይገባል። ግትርነት የምለው አንድ ነገር ጭነት ሲያርፍበት ያለመለመጡን ነው። ጥንካሬ የምለው ደግሞ ያለመሰበሩንና ለዘለቄታው ያለመታጠፉን ነው። በተራ አነጋገር ሁለቱም «ጠንካራ» በሚል አንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ በጽሑፎቻችንም ተደባልቀው ይገኛሉ። የአረብ ብረት ግትርነት 200 ጊጋ ፓስካል ያህል፣ የቲታኒየም 110 ያህል፣ የአሉሚኒየም 70 ያህል ነው። እፍግታቸው ደግሞ በተራ 7.85፣ 4.5 እና 2.7 ነው። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች እርሱ ራሱ እንዲያካፍላቸው እለምናለሁ፤ ለአረብ ብረት 25.5፣ ለቲታኒየም 24.4፣ ለአሉሚኒየም 25.9 ያገኛል። ሦስቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል! ቀላል የሆነው በቀለለበት መጠን ልል ነው፤ ከባድ የሆነውም በከበደበት መጠን ግትር ነው። እንግዲህ ከሠንጠረዡ የመጀመሪያውን ዐምድ ብቻ አንብቦ ሁለተኛውን የሚተው ሰው፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ ዕቃውን የሚያነሣ ገበያተኛ ይመስላል።

ከዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ተማሪ፣ «እንዲህ ከሆነ የአሉሚኒየም ብስክሌት ለምን ይቀላል? በሚዛን ላይ አውጥተን አይተነዋል» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ያለው በቱቦው ቅርጽ ላይ ስለሆነ፣ ጥቂት ሒሳብ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከድሮ ጀምሮ የተለመደውን የአረብ ብረት ቱቦ እንውሰድ፤ ዲያሜትሩ 28.6 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 0.9 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአንድ ሜትሩ ክብደት 615 ግራም ይሆናል። በዚሁ መጠን አሉሚኒየም ብናደርገው 211 ግራም ይመዝናል፤ ነገር ግን ግትርነቱም ወደ ሲሶ ግድም ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ከሠንጠረዡ አልወጣንም። አሁን ግን የአሉሚኒየሙን ዲያሜትር ወደ 40 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳውንም ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር እናሳድገው። የአንድ ሜትሩ ክብደት 395 ግራም ይሆናል፤ ግትርነቱ ግን ከመጀመሪያው የአረብ ብረት ቱቦ ከመቶ 28 እጅ ያህል በልጦ ይገኛል። ምክንያቱም የቱቦ ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ፣ ግድግዳው ሳይለወጥ፣ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ በስምንት እጥፍ ስለሚጨምር ነው። የአሉሚኒየም ብስክሌት ቱቦ ሁሉ ወፍራም ሆኖ የሚታየው ለጌጥ አይደለም። ቅነሳውም ከመቶ 65 እጅ መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 36 እጅ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ሆኖም አንድ የሚያስገርም ነገር ይቀራል። ያንኑ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ለአረብ ብረት ብንሰጠውስ? ግድግዳውን ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ብናሳሳው የአንድ ሜትሩ ክብደት ከአሉሚኒየሙ ጋር እኩል ለማለት በሚቻል መጠን፣ 391 ግራም ይሆናል፤ ግትርነቱም ከእርሱ ጋር እኩል ነው፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ስናየው አሉሚኒየም አንዳችም ብልጫ የለውም ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ቱቦ በብስክሌት ላይ እምብዛም የማይሠራው ስለ ምንድን ነው? 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦ ወደ ለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተጠጋ ስለሆነ፣ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ሲንሸራተት ይሰረጎዳል፤ ከተሰረጎደም በኋላ በጭነት ሥር ይጨማደዳል። በሳልዳቱራ ልያያዘው የሚል ባለሙያም ቢኖር ቀዳዳ ከማትረፍ በቀር የሚያተርፈው የለም። እንግዲህ ዝቅተኛ እፍግታ የሚሰጠን እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ በአንድ ዓይነት ክብደት ወፈር ያለ ግድግዳ ይሰጠናል። ወፈር ያለው ግድግዳ ሰፊ ቱቦ እንድንሠራ ይፈቅድልናል፤ ሰፊው ቱቦም ግትርነትን ይሰጠናል። ቅለት የሚመጣው በዚህ ረጅም መንገድ ዞሮ ነው። መንገዱ በአንድ ቦታ ቢዘጋ አይደርስም።

የብስክሌት ታሪክም ይህን መንገድ ተከትሎአል (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1970ዎቹ በጣሊያንና በፈረንሳይ የተሠሩት የአሉሚኒየም ቴላዮዎች፣ ለምሳሌ ቪቱስ የተባለው፣ የቱቦቸውን ስፋት ከአረብ ብረቱ እምብዛም አላራቁም ነበርና ለመለመጣቸው ስም አወጡ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረው ጋሪ ክላይን ቱቦውን አስፍቶ መሥራት ጀመረ፤ ካነንዴል የተባለው ፋብሪካም በ1983 ባለ ሰፊ ቱቦ ብስክሌቱን ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ወገኖች አሉሚኒየም ነበራቸው፤ ልዩነቱ የስፋት ነበር። በእርግጥ አንድ ነገር መደበቅ አይገባኝም፤ አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ ብዙ ውድድሮችን ያሸነፈው በዚያ በሚለምጠው ቪቱስ ላይ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ግትርነት ሁሉን ይወስናል ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው፣ ጠፍቶ ሳለ እንዳልጠፋ ተቆጥሮ መታለፍ የለበትም በማለት ነው።

አሁን ወደ ትችቴ ዋና ነጥብ እደርሳለሁ። ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚሠራው ሠሪው ክፍሉን እንደ ልቡ የማስፋት ነጻነት ሲኖረው ነው። በብስክሌት ላይ ግን ብዙ ክፍሎች መጠናቸው ከውጭ የተወሰነባቸው ናቸው። ሰንሰለትን (ካቴናን) እንመልከት። ከአንዱ ማጠፊያ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ግማሽ ኢንች ነው፤ የጥርሶቹም ርቀት ከዚሁ ጋር መግጠም አለበት። የኋላ ጥርሶች በበዙ ቁጥር ሰንሰለቱ ጎኑ እየጠበበ ሄደ እንጂ አልሰፋም። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ አሉሚኒየሙን ላወፍረው ቢሉ ወዴት ይወፍራል? ስለዚህም እጅግ ውድ በሆነው የእሽቅድድም ብስክሌት ላይ እንኳ ሰንሰለቱ እስከ ዛሬ አረብ ብረት ነው። ቅለት ሲፈለግ የማያያዣ ቅጠሎቹ ይበሳሉ፤ ፒኖቹም ውስጣቸው ክፍት ይደረጋል። የኩሽኔታ ኳሶች፣ ብዙ ጭነት የሚሸከሙ ብሎኖችና የሞዞ መሃል ዘንጎችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው። የብሎኑ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ብሎኑ 5 ሚሊ ሜትር ነው።

ቸርኬውን የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ ራጂዎቹ፣ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራሉ። ተራው ራጂ ዲያሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይዝግ አረብ ብረት ነው። ቀላሉ ራጂ ግን ከጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመካከሉ ወደ 1.8 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነው። ማቴሪያሉ አልተለወጠም፤ ክብደቱ ቀንሶአል። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው፣ የቀጠነው ራጂ ከወፍራሙ ይልቅ ዕድሜው መርዘሙ ነው። ራጂ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በታጠፈው አንገቱ ላይ ነው፤ መካከሉ ሲቀጥን እየተለጠጠ የድንጋጤውን ጭነት ከአንገቱ ላይ ይቀበልለታል። ይህን የመሰለውን ነገር ከእፍግታ ሠንጠረዥ ላይ የሚያነብ ሰው የለም።

ቸርኬው ራሱ ግን ለአሉሚኒየም የተመቸ ቦታ ነው፤ ቅርጹ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊሠራ ይችላልና። ፈረንሳዊው የማቪክ ፋብሪካ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ1934 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር አንቶናን ማኝ በአሉሚኒየም ቸርኬ የተወዳደረው፣ ምስጢሩ እንዳይታወቅ እንጨት እንዲመስል በቀለም ተቀብቶ ነው። እዚህ ላይ ክብደት ካልሆነ ሌላ ምክንያትም አለ። የኒኬል ወይም የክሮም ልባስ ያለው የአረብ ብረት ቸርኬ ዝናብ ሲመታው ላስቲክ ፍሬን አይዝለትም፤ በክረምት ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አሉሚኒየም በዚህ ረገድ በጣም ይሻላል። በጽሑፎቻችን ውስጥ ይህን ምክንያት የጠቀሰ አላገኘሁም፤ ሁሉም ስለ ግራም ሲያወራ ስለ መቆም የሚያስብ ጠፋ።

ሠንጠረዡ ፈጽሞ የሚታወርበት አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ አረብ ብረት ከአረብ ብረት ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው። በ1950 በቻይና በቲያንጂን መሠራት የጀመረው «በራሪ ርግብ» የተባለው ብስክሌት፣ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ከሚታዩት ከባድ ብስክሌቶች ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የሚገኘው የሬይኖልድስ ፋብሪካ በ1935 «531» የሚባለውን የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም አረብ ብረት ቱቦ አወጣ፤ ከእርሱ የተሠሩ የእሽቅድድም ብስክሌቶችም ክብደታቸው ግማሽ ያህል ነበር። የሁለቱም እፍግታ አንድ ነው። የሁለቱም ግትርነት በማቴሪያል ደረጃ አንድ ነው። የሚለያዩት በጥንካሬ ነው፤ ጠንካራው ሳይሰበር ሊሳሳ ይችላል። ከዚህም በላይ የሬይኖልድስ ቤተሰብ በ1897 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ቱቦውን ጭነት በሚበዛበት በጫፉ ወፍራም፣ በመካከሉ ስስ አድርጎ መሥራት ነው፤ የራጂው ብልሃት በቱቦ ላይ ማለት ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 በሜልቦርን ብስክሌተኞቻችን በተሰለፉ ጊዜም ዓለም የሚወዳደረው በእንዲህ ያለ አረብ ብረት ላይ ነበር። አሥር ኪሎ ግራም ልዩነት በአንድ ስም ሥር ተሸሽጎ ሳለ፣ የስሙ መለወጥ ብቻ ክብደትን ይወስናል ማለት እንዴት ይቻላል?

የዚህ ነገር ጫፍ የሚታየው በ1972 ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ ሜርክስ በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የተቀመጠባት፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራት ብስክሌት፣ ቴላዮዋ አረብ ብረት ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ክብደቷ ከ6 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ፍሬን የላትም፤ ማርሽ የላትም፤ ሰንሰለቷ ሳይቀር ተበስቶአል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2000 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ለውድድር የተፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ በዚህ ሕግ ዓይን ያቺ የአረብ ብረት ብስክሌት ከልክ በላይ ቀላል ናት! ነገር ግን ብስክሌቷ የተፈለገችው ልስልስ ባለ ሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ነው። ያንኑ ብስክሌት ለአንድ ዓመት በኮብልስቶን መንገድ ላይ ንዳት ብንባል መልሳችን ምን ይሆናል? የአንድ ክፍል ክብደት ከማቴሪያሉ ይልቅ ከእርሱ የምንጠብቀው ዕድሜ የሚወስነው ጊዜ አለ፤ የእኛ ጽሑፎች ግን ዕድሜ የሚለውን ቃል አያውቁትም።

ዕድሜ ሲባል የብረት ድካምን ማንሣት ግድ ነው። አረብ ብረት ከአንድ ወሰን በታች ያለውን ጭነት ቁጥር በሌለው ጊዜ ቢመላለስበት ይሸከመዋል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ ትንሹም ጭነት በበቂ ብዛት ከተመላለሰ ስንጥቅ ያበጃል። አዛውንቱ ጠጋኝ «ሳይሰናበትህ ይሄዳል» ያሉት ይህን ነው። ጥፋትም የደረሰው በተራ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። በ2006 በፓሪስ–ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ፣ መሪውን ከፎርኬታው ጋር የሚያገናኘው የአሉሚኒየም ቱቦ ድንጋያማው መንገድ ላይ ስለተቀነጠሰበት ወድቆ ከውድድሩ ወጥቶአል፤ ቀደም ብሎ በዚያው ቀን ወድቆ ነበር። ሙያተኛ መካኒኮች ባሉበት የደረሰ ነገር፣ መካኒክ በሌለበት እንዴት እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ካርቦን ክር ብዙ አልጽፍም፤ በክፍላችን ሊሠራ የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁምና። ሆኖም ሠንጠረዡ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በእርሱ ላይ ነው። እፍግታው 1.6 ግራም ያህል ነው ብሎ ይጽፋል፤ ግትርነቱንም በአንድ ቁጥር ያስቀምጣል። ነገር ግን ካርቦን በክሩ አቅጣጫ ከአሉሚኒየም እጥፍ ገደማ ግትር ሲሆን፣ በክሩ አግድም ከአሥር ጊጋ ፓስካል በታች ነው። እንግዲህ ሠሪው ክሩን በየት በየት እንደሚያነጥፍ ሳይወስን ማቴሪያሉ ገና አልተፈጠረም ማለት ይቻላል። ከ1 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝኑት ቴላዮዎች የንጣፍ ጥበብ ውጤቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ያህል ትርፍ ነው? ተማሪው ሳይጠይቀው የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ልመልሰው። ከብስክሌት ላይ 3 ኪሎ ግራም ቀነስን እንበል፤ እጅግ ብዙ ቅነሳ ነው። ይህን 3 ኪሎ ግራም 500 ሜትር ከፍታ ባለው፣ እንጦጦን በመሰለ አቀበት ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል 14.7 ኪሎ ጁል ነው። የሰው ጡንቻ ከሚበላው ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ብናስብ፣ ወጪው ወደ 14 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ18 ኪሎ ብስክሌት ፈንታ በ15 ኪሎ ብስክሌት ቢወጣ፣ ጠቅላላው ጭነት የሚቀንሰው ከመቶ 3.6 እጅ ነው፤ 20 ደቂቃ በሚፈጅ አቀበት ላይ 43 ሰኮንድ ያህል ያተርፋል። ለተወዳዳሪ 43 ሰኮንድ ብዙ ነው፤ ክብርና እንጀራ ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት ለሚያደርስ ሰው ግን ምንም አይደለም። «በቸርኬ ላይ ያለ ክብደት እጥፍ ይቆጠራል» የሚለውም አባባል ብስክሌቱ ፍጥነት ሲጨምር እውነት ነው፤ በአንድ ፍጥነት አቀበት ሲወጣ ግን ግራም ግራም ነው።

በሌላው የሚዛን ሰሐን ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? የተሰበረ የአረብ ብረት ቴላዮ ሳልዳቱራ ባለበት ከተማ ሁሉ ይጠገናል። የአሉሚኒየም ቴላዮ የአርጎን ጋዝ ያለበትን ቤት ይፈልጋል፤ ከተበየደም በኋላ፣ እንደገና በሙቀት ካልታከመ በቀር፣ በብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። ስለ ገጠር ማመላለሻ ብስክሌት ጽፈው አሉሚኒየምን የመረጡ ጓደኞቼ ይህን አላነሡትም። የገጠሩ ሰው የተበየደበትን ቴላዮ ተመልሶ ዕቃ ይጭንበታል፤ እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ ተመርቀን ሄደናል።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር ብጠይቅ ድፍረት አይሁንብኝ። የክብደት ቅነሳ ያመጣ ሁሉ ማርክ የሚያገኝ ከሆነ፣ ተማሪው ቅነሳን ማምጣቱ አይቀርም። ከክብደቱ ጎን ግትርነቱ ምን ሆነ፣ ከፍተኛው ጭነት የሚያርፍበት ቦታ የትኛው ነው፣ ስንት ዓመት ይነዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያ 65 የተባለው ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጣ ይቀር ነበር። የእኔንም መሪ እንዲህ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔው ራሴ ነኝ።

ስለዚህ አሁን ጠይቄዋለሁ። ነጂው በአንድ እጁ 250 ኒውተን ቢጫን፣ እጁም ከመሃሉ 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በእኔ መሪ መያዣ ላይ የሚደርሰው ውጥረት 132 ሜጋ ፓስካል ነው። የበርና የመስኮት አሉሚኒየም ለዘለቄታው መታጠፍ የሚጀምረው በ145 አካባቢ ነው፤ ድካም ሲታሰብ ደግሞ የሚታመንበት ከዚህ ግማሽ በታች ነው። ሦስት ወር መቆየቱም የሚያስገርም ነው። የፋብሪካዎቹን መሪ ለካሁ፤ እጅ በሚይዝበት ጫፍ የእኔው 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፍሬን መያዣው ከዚህ ሌላ አይቀበልምና። በመሃሉ ግን ወደ 31.8 ሚሊ ሜትር ያብጣል። ጫፉ ከውጭ ተወስኖበታል፤ መሃሉ ነጻ ነው፤ እነርሱም ነጻ በሆነው ቦታ ላይ ሰፉ። እኔም ሥዕሌን እንደገና ሠራሁት፤ በመሃሉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ዲያሜትሩን 31.8፣ ግድግዳውን 2.5 ሚሊ ሜትር አደረግሁና ቀስ በቀስ ወደ ጫፉ እንዲቀጥን አደረግሁት። ማቴሪያሉንም 6061 ወደሚባለው፣ በሙቀት ወደ ታከመውና ከመስኮቱ አሉሚኒየም እጥፍ ያህል ወደሚጠነክረው ለወጥሁት። በመያዣው ላይ የነበረው 132 ሜጋ ፓስካል ወደ 40 ወረደ። ክብደቱ በ72 ግራም ጨመረ፤ ጠቅላላው 230 ግራም ሆነ። ከአረብ ብረቱ ጋር ሲተያይ ቅነሳው ከመቶ 50 እጅ ነው። ሥዕሉን ለጓደኛዬ ባሳየው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አንብቦ መልካም ነው አለኝ፤ ብስክሌቱ ላይ ያለው መሪ ግን እስከ ዛሬ ድረስ 459 ግራም የሚመዝነው የአረብ ብረቱ ነው።